ጋኑ ረግቷል

ስለ ሳሙና ይህን ያህል ረጅም ነገር የምጽፍ አይመስለኝም ነበር። እናንተም የምታነቡ አይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን የተማርኩት ነገር ለአንድ ሰው ነፍስ ሲጠቅም ያየሁት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ፣ ከአንድ ቅዳሜ ከሰዓት እስከ ሰኞ ረፋድ ባለው ጊዜ ብቻ ነው። እሱም በሳሙና ምክንያት ነውና ታገሡኝ።

መጀመሪያ በዚያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ከምሥራቅ ጀርመን ኬሚስትሪ ተምሬ ከተመለስኩ ብዙም አልቆየሁም። ስሜ አልማዝ ነው። እዚያ ያስተማሩኝ ፕሮፌሰር የስሜን ትርጉም ከነገርኳቸው ወዲህ፣ "አንቺ ራስሽ ጠንካራው ክሪስታል ነሽ፤ የምታጠኚው ግን የሚፈሰውን ነው" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ቀልዱ የሚገባችሁ የሚፈስ ክሪስታል ምን እንደሆነ ስታውቁ ነው። አንዳንድ ሞለኪውሎች አሉ፤ ማንም ሳያሰልፋቸው ራሳቸው ጎን ለጎን፣ ረድፍ በረድፍ ይሰለፋሉ። ሲያዩዋቸው እንደ ማር ይፈሳሉ፤ ውስጣቸው ግን እንደ ከበረ ድንጋይ ሥርዓት አለው። አንዳንዴ ደግሞ ተያይዘው ውሃውን በመሀላቸው አስረው ይይዙና እንደ ቀዘቀዘ አጥሚት ቀጥ ብለው ይቀራሉ። ሳሙናም ከነዚህ አንዱ ነው። እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ያለ ትእዛዝ መሰለፋቸው ነበር፤ እኛ አገር በዚያ ዘመን ሰልፍ የሚወጣው ቀበሌ ስም እየጠራ ነበርና።

ይህን ሁሉ እውቀት ተሸክሜ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ስወርድ የተቀበለኝ ሰው አልነበረም። እናቴ እኔ እዚያ እያለሁ አርፋለች። ታናሽ ወንድሜ ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ወጣት ሁሉ በሚፈራበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ከቤት እንደወጣ ቀርቷል። ቤታችንን ቀበሌው ለሌላ ቤተሰብ ሰጥቶታል። እኔም ከቦሌ መንገድ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ፣ በደባልነት አንዲት ክፍል አገኘሁ። አውሮፕላን ባለፈ ቁጥር የመስኮቴ መስታወት ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። በኋላ ግን ከአውሮፕላን በቀር መስኮቴን የሚያንኳኳ ስላልነበረኝ እንደ እንግዳ እጠብቀው ጀመር።

የተመደብኩት ጉርድ ሾላ አካባቢ በነበረ አንድ ሳሙና ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ሥራዬ ሳሙናው እጅ እንዳያቃጥል መመርመር ነበር። ስለ ተማርኩት ነገር የጠየቀኝ ሰው የለም፤ የሚጠይቀኝ ቢኖርም የሚፈስ ክሪስታል በአማርኛ ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። ከጀርመን ይዣቸው የመጣሁ ሁለት ጠቆር ያሉ ስስ ሉሆች መሳቢያዬ ውስጥ ነበሩ። አንዱን በአንዱ ላይ አዙራችሁ ስትደርቡ ብርሃን አያሳልፉም። በመሀላቸው የሚፈስ ክሪስታል ስታስገቡ ግን በዚያ ጨለማ ውስጥ ብርሃን ይወጣል፤ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ሰማያዊ ይሆናል። ለምሳ ሁሉም ሲወጣ እኔ ትንሽ ሳሙና በሁለት መስታወት መሀል ቀብቼ ወደ መስኮት ዞሬ አያለሁ። ቆንጆ ነገር ብቻን ማየት እንዴት እንደሚያስከፋ ያየ ያውቀዋል።

በስብሰባ ላይ ከኋላ እቀመጣለሁ። ሲጨበጨብ አጨበጭባለሁ። ከወንድሜ ወዲህ አፍ የሚባለው ነገር ለመብላት ብቻ እንደሆነ ወስኜ ነበር።

አሁን ወደ ቅዳሜው ልመልሳችሁ። ሳሙናው የሚፈላው ሠራተኛው "ትልቁ ጋን" በሚለው የብረት ማፍያ ውስጥ ነበር፤ ቁመቱ ከአንድ ፎቅ በላይ ነው። ሞራው ከኮስቲክ ሶዳ ጋር በእንፋሎት ይፈላል፣ ጨው ይጨመርበታል፣ ከዚያ እንፋሎቱ ተዘግቶ ዝም ብሎ ይተኛል። የጠዋቱ ፈረቃ ፎርማን ጋሽ ይማም ነው፤ የወሎ ሰው፣ ቀልደኛ፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል። የከሰዓቱ ጋሽ ሐጎስ ነው፤ ከአድዋ በልጅነቱ መጥቶ እዚሁ ጉርድ ሾላ ያረጀ፣ ዝምተኛ። ሁለቱ ጓደኛሞች ነበሩ። በዚያ ሰሞን ከአሰብ የሚመጣው ጨው አጥሮን ነበርና በጋኑ ውስጥ የሚገባው ጨው ተቀንሷል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ይመጣል።

ቅዳሜ ቢሮው የሚሠራው እስከ እኩለ ቀን ነው። እኔ ግን ቤት የሚጠብቀኝ ስለሌለ ብርጭቆ እያጠብኩ እቆያለሁ። ከሰዓት በኋላ ከማፍያው በኩል ጩኸት ሰማሁ። ስደርስ ሰው ሁሉ በጋኑ ደረጃ ላይ ቆሟል። ማማሰያው ቆሟል፤ ሞተሩ ጨሷል። ወጥቼ ወደ ውስጥ ሳይ፣ እንደ ወፍራም ክሬም መንከባለል የነበረበት ሳሙና ጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ ብሏል። አንድ ሠራተኛ የብረት ዘንግ ሰካበትና ለቀቀው። ዘንጉ ሳይወድቅ ቆመ።

የፋብሪካው የፖለቲካ ተጠሪ ጓድ ደምሴ ከኋላዬ ደረሰ። ወጣት ነው፤ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ። ዘንጉን አየና "ማን ነው ተረኛው?" አለ።

"እኔ ነኝ" አለ ጋሽ ሐጎስ።

"ምን ጨመርክበት?"

"ውሃ።"

"በውሃ ነው ሳሙና ሲሚንቶ የሆነው? ሕዝቡ በየቀበሌው ሱቅ ለአንድ ሳሙና ይሰለፋል፤ አንተ እዚህ ትቀልዳለህ!" ጓድ ደምሴ ወደኛ ዞረ። "ይሄ አሻጥር ነው።"

አሻጥር የምትለው ቃል በዚያ ዘመን ምን እንደነበረች ለልጆቻችሁ ማስረዳት ያስቸግራችኋል። ሥራ ማበላሸት ማለት ብቻ አልነበረችም። ከተባለች በኋላ ሰውየው ከየት ወዴት እንደሄደ የማይጠየቅባት ቃል ነበረች። በሰሜን ጦርነቱ ባየለበት በዚያ ሰሞን ደግሞ ሐጎስ የሚባል ሰው ላይ ስትወድቅ ክብደቷ ሌላ ነው። ጋሽ ሐጎስን ወደ ጥበቃ ክፍል ወሰዱት። ሰኞ ጠዋት ጠቅላላ ስብሰባ ይደረጋል፤ ከዚያ የሚወስደው መኪና ይመጣል ተባለ።

ጋሽ ይማም ወደ ቤቱ ሄዷል። ሠራተኛው አንድ በአንድ ተበተነ። እኔም መበተን ነበረብኝ። እግሬ ግን ወደ ጥበቃ ክፍሉ ወሰደኝ፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ዘበኛው ያውቀኛል። "በመስኮት ነው፣ ቶሎ በይ" ብሎ ፊቱን አዞረ።

ጋሽ ሐጎስ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ጉልበቱን ያያል።

"ጋሽ ሐጎስ፣ ከውሃ ሌላ ምን ገባበት?" አልኩት።

"አንቺም መጣሽ? ውሃ ነው አልኩ እኮ ልጄ። ጨመርኩ፤ ባሰበት። ይቀጥን እንደሆነ ብዬ ደግሞ ጨመርኩ፤ ጭራሽ ጠጠረ። ሰይጣን የገባበት ነው የሚመስለው። እስቲ ውሃ ሲጨመርበት የሚጠጥር ነገር በዓለም አለ?"

"አለ" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ።

"ሳሙና ነው። ጨው ካነሰበት፣ ውሃው ትንሽ ሲጨመር የሳሙናው ቅንጣቶች ራሳቸው እንደ ጭራሮ እስር ይተሳሰራሉ። እስሮቹ ተጠጋግተው ይቆማሉ፤ ውሃው በመሀል ይያዛል። በፊት ጨው እንደ ልብ ይገባ ስለነበር ውሃ ብትጨምሩም ይህ ነገር አልገጠማችሁም። ተምሬዋለሁ። ይህንኑ ነው የተማርኩት።"

"ይህንን ለመማር ነው ጀርመን ድረስ የላኩሽ?" አለ፤ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ ሳቅ አለ።

"መጀመሪያ ግን ለምን ውሃ ጨመሩ? ሳሙናው እኮ መተኛት ነበረበት።"

"ተይው" አለኝ።

"ረጋ ብለው ይንገሩኝ፤ ላግዝዎት እፈልጋለሁ።"

"ረጋ!" አለ፤ አሁን ሳቁ ጠፋ። "ይቺው ቃል ናት እኮ እዚህ ያስገባችኝ።"

ቀስ እያለ ነገረኝ። ጋሽ ይማም ፈረቃውን ሲያስረክብ ሰርቪስ አውቶቡሱ ሊነሳ ነበር። እየሮጠ በትከሻው በኩል ዞሮ "ሐጎስ፣ ጋኑ ረግቷል!" ብሎት ሄደ። ይማም ለማለት የፈለገው መፍላቱ ጸጥ ብሏል፣ ተኝቷል፣ አትንካው ነው። ሐጎስ የሰማው ግን እንደ እርጎ ረግቷል፣ ጠጥሯል የሚል ነው። ወጥቶ ሲያይ ላዩ ቆዳ ሠርቷል። እውነትም ጠጥሯል ብሎ እንፋሎቱንና ውሃውን ከፈተ፤ ማማሰያውንም አስነሣ።

ለረጅም ጊዜ አብረው ሠርተዋል፤ አንዲት ቃል ናት። በቋንቋችን ተፈርዶባት ሁለት ሥራ ትሠራለች።

"ይህን ለምን ለጓድ ደምሴ አልነገሩትም?"

"ይማምን ላስበላው? ልጆቹ ገና ናቸው። እኔ እንደሆነ ስሜ ብቻውን ይበቃቸዋል፤ ሌላ ማስረጃ አይፈልጉም።" ከዚያ ድምፁን ቀነሰ። "አንቺም ሰምተሽ እንዳልሰማሽ ሁኚ። ሂጂ አሁን፤ እዚህ እንዳያዩሽ።"

እሑድን እንዴት እንዳሳለፍኩት ልንገራችሁ። የወሩ የራሽን ሳሙናዬን በቢላ ፈቀፈቅሁት፣ በላምባ ምድጃዬ ላይ በብረት ድስት አቀለጥኩት። መጀመሪያ ውሃ አበዛሁና ቀጥኖ እንደ ሾርባ ሆነ። እንደገና ስሞክር አረረ። የተማርኩት ጀርመን አገር በንጹሕ ብልቃጥ፣ በንጹሕ ሳሙና ነው፤ የእኛ የራሽን ሳሙና ምን ምን እንዳለበት አንድዬ ያውቃል። ካልሆነልኝ ዝም ብዬ ልቀመጥ ብዬ አሰብኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ባይሆንልኝ ደስ የሚለኝ ይመስለኝ ነበር። ካልሆነ መናገር የለብኝም ማለት ነው። እንደገና እንደ ወትሮዬ ከኋላ መቀመጥ እችላለሁ።

በሦስተኛው ሙከራ ሞቅ ያለ ውሃ በማንኪያ እየጨመርኩ ሳማስል፣ ማንኪያው በድንገት ከበደ። ለቀቅሁት። ቆሞ ቀረ። ከዚያ ከቅመም መደርደሪያዬ አንድ ጭብጥ ጨው በሙቅ ውሃ በጥብጬ አፈሰስኩበት። ለጥቂት ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ከዳር ጀምሮ ላላ፣ ተንሸራተተ፣ ማንኪያው ቀስ ብሎ ጋደም አለ። አውሮፕላን እያለፈ ነበር፤ መስታወቱ ይንቀጠቀጣል። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ተሳካልኝ ብዬ ጮኼ የምነግረው አንድ ሰው አልነበረኝም። ደግሞም ከዚህ በኋላ ዝም ማለት እንደማልችል ስለገባኝ ፈራሁ።

ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። ከበሩ አጠገብ መኪና ቆሟል፤ ሾፌሩ ሲጋራ ያጨሳል። ጋሽ ሐጎስን ከፊት አቆሙት። ጋሽ ይማም ከመሀል ነበር፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ነገሩን የሰማው ያን ጠዋት ከአውቶቡስ ሲወርድ ነው።

ጓድ ደምሴ ስለ አብዮት ጠላቶች ተናግሮ ሲጨርስ እጄን አነሳሁ። እጄ እንደተነሳ ራሴ ዘግይቼ ነው ያወቅሁት።

"ጓዲት አልማዝ? አንቺ ደግሞ ምን አለሽ?"

"ጓድ፣ ሰውየው ውሃ ነው ያለው እውነቱን ነው። ማሳየት እችላለሁ።"

የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በዕድሜ የገፋ ኢንጂነር ነው። የእሱ ጭንቀት አሻጥሩ ሳይሆን የወሩ ኮታ ነበር። "ታሳይ" አለ ቶሎ ብሎ።

ከላቦራቶሪ ምድጃና ድስት አስመጣሁ፤ ከትልቁ ጎን ካለው ትንሽ ጋን የቀለጠ ደህና ሳሙና ተቀዳ። ጓድ ደምሴን "እርስዎ ራስዎ ያማስሉት" አልኩት። ሰዉ ፊት እንቢ ማለት አልፈለገም፤ የእንጨት ማማሰያውን ያዘ። እኔ ውሃ ጨመርኩ። አማሰለ። ጨመርኩ። አማሰለ። "እየቀጠነ ነው እኮ" ሊል አፉን ሲከፍት ማማሰያው ያዘው። ገፋ፤ ድስቱ አብሮ ዞረ። ሳበ፤ ድስቱ ከነሳሙናው ከምድጃው ተነሳ። አንዷ የማሸጊያ ክፍል ሴት "ውይ በስመ አብ!" ስትል ሰማሁ።

"ውሃ ብቻ ነው ጓድ። እርስዎ እያዩ።"

ግንባሩን ጠረገ። ሞኝ ሰው አልነበረም፤ ወዲያው መንገዱን ቀየረ። "እሺ፣ ውሃ ይሁን። ታዲያ ያን ሁሉ ዘመን የሠራ ፎርማን በተኛ ሳሙና ላይ ምን ብሎ ውሃ ይጨምራል? ዐውቆ ካልሆነ? ሐጎስ፣ ማን አዘዘህ?"

"ማንም።"

"ለምን ጨመርክ?"

ጋሽ ሐጎስ መሬት መሬት ያያል። ሾፌሩ ሲጋራውን ጣለ። ያኔ ከመሀል ድምፅ መጣ።

"እኔ ነኝ ያልኩት።" ጋሽ ይማም ነው። ሰው ገለል ገለል አለለት። "ረግቷል ብዬው ሄድኩ። ጸጥ ብሏል ማለቴ ነበር፤ በአላህ ስም እምላለሁ። እሱ ጠጥሯል መሰለው።"

"ተው ይማም" አለ ጋሽ ሐጎስ በቀስታ።

ጓድ ደምሴ ሁለቱን ተራ በተራ አየ። "ደግ ነው፤ ሁለት ሆኑ። ረግቷል ማለት ጠጥሯል ማለት ነው። ይህን የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። ተመካክራችሁ ነው። ማንን ልታታልሉ ነው?"

አሁን የምነግራችሁ ነገር የወሰደው ጊዜ በጣም አጭር ነው። ለእኔ ግን ረዘመብኝ፤ ወንድሜ በበሩ ሲወጣ አየሁት፤ እናቴ "አፍሽን ያዥ" ስትለኝ ሰማኋት። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ።

"ጓድ፣ ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ፣ የአገሪቱ ሁኔታ ረግቷል ብለውን ነበር።"

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"እርስዎ እንግዲህ ምን ማለትዎ ነበር?"

የእኔን አገር ጸጥታ የሚያውቅ ያን ጸጥታ ያውቀዋል። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ከማሸጊያ ክፍል ሴቶች በኩል አንዲት ሳቅ አመለጠች፤ በነጠላ ታፈነች። ሌላዋ አመለጠች። ሁለት ወንዶች ሳል አስመስለው ተቀበሏት። የጓድ ደምሴ ፊት ቀላ። ረግቷል ማለት ጠጥሯል ነው ካለ፣ አገሪቱ አልፈስ ብላ ቀርታለች ማለቱ ሊሆን ነው። ጸጥ ብሏል ነው ካለ ደግሞ ጋሽ ይማም ትክክል ነው።

ለረጅም ጊዜ እኔን አየኝ። ያ አስተያየት ኋላ ብዙ እንዳስከፈለኝ እነግራችኋለሁ። ከዚያ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሮ "ሳሙናው ይፈታል ትላለች?" አለ።

"በጨው ውሃ ይፈታል" አልኩ እኔ።

"ለሚቀጥለው ወር ያስቀመጥናት ጨው አለች፤ ትውጣ" አለ ሥራ አስኪያጁ።

"ካልተፈታ" አለ ጓድ ደምሴ ጣቱን እያነሳ፣ "ሦስታችሁም በዚያ መኪና ትሄዳላችሁ።"

ጨዉ በበርሜል ተበጠበጠ፤ በባልዲ እየተቀባበሉ ወደ ጋኑ አፍ አወጡት። እንፋሎቱ ተከፈተ። ቧንቧው አጓራ፤ ሳሙናው ንቅንቅ አላለም። ቤቴ ያለችው ድስት ትንሽ ናት፤ ይህ ጋን የፎቅ ቁመት ነው። አስቤው የማላውቀውን ነገር አሰብኩ፦ ባይደርሰውስ? የጨው ውሃው ላዩ ላይ ተኝቶ ቢቀርስ? ደረጃው ላይ ቆሜ የዘንጉን ጫፍ ብቻ አያለሁ። ጥላዬ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው ተዛወረ። ሰው ደከመው፤ አንዳንዱ ተቀመጠ። ሾፌሩ መኪናውን አስነሥቶ አጠፋ።

ከዚያ ዘንጉ ትንሽ አዘመመ። ዐይኔ ነው ብዬ ጨፍኜ ገለጥኩት። ደግሞ አዘመመ። ከጋኑ ዳር አንድ አረፋ ወጥቶ ፈነዳ፤ ቀጥሎ ሌላ፤ ከዚያ ሆዱ ጎርጎር አለና መላው ሳሙና አንዴ ተነፈሰ።

"እንፋሎቱን ቀንሱ!" ብሎ ጮኸ አንድ ሰው። "ቀንሱ ይገነፍላል! ያንን ቫልቭ ዝጋ አንተ!"

ጋሽ ሐጎስ ነው። ከጎኑ ዘበኛ እንደቆመ ረስቶታል። የሚገርመው ዘበኛውም ረስቶት ነበር፤ ቫልቩን ሊዘጋ የሮጠው እሱ ነው። ጋሽ ይማም ደረጃው ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ይዞ ያለቅሳል። መኪናው ባዶውን ሄደ።

ይህ ተረት ቢሆን እዚህ ይበቃ ነበር። ግን ሕይወት ናትና ቀጠለች። ጋሽ ሐጎስን ከፎርማንነት አውርደው ጭነት ክፍል አደረጉት። እኔን አንድ ሁለት ጊዜ አስጠርተው ስለ ጀርመን ጓደኞቼ፣ ስለ ወንድሜ ጠየቁኝ። ከዚያ በላይ አልነኩኝም፤ ኮታው ሞልቶ ስለነበር ይመስለኛል። ሌላው ግን መጣ። በሰርቪስ አውቶቡሱ ላይ አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ ሆነ። ሰው ቆሞ ይሄዳል እንጂ አይቀመጥበትም። ያን ሳቅ የሳቁት የማሸጊያ ክፍል ሴቶች በሩቁ በዐይናቸው ሰላም ይሉኛል፤ ፍቅራቸው ይታየኛል፤ ግን አይቀመጡም። ጋሽ ሐጎስ ራሱ መንገድ ይቀይራል። ጋሽ ይማም ከኋላ ወንበር ቀና ብሎ እንኳ አያየኝም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም በቦታቸው ብሆን አልቀመጥም ነበር። ግን ከጉርድ ሾላ እስከ ቦሌ ያለው መንገድ ባዶ ወንበር አጠገብ ሲሄዱት በጣም ይረዝማል። በፊት ብቸኝነቴን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አሁን አውቶቡሱ ሁሉ ያየው ነበር።

ታዲያ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። ጀግና አልሆንኩም፤ ከዚያ በኋላም ስፈራ ኖሬአለሁ። የተለወጠው ይህ ነው፦ ከወንድሜ ወዲህ ዝምታዬን እንደ ጥንቃቄ እቆጥረው ነበር። ያን ሰኞ ግን ዝምታዬ ከውስጥ ሲፈታ ተሰማኝ፤ ከዚያ በኋላ እንደገና አልጠጠረም። ብቸኛ ሆኜም ቢሆን የተናገርኩ ሰው ነበርኩ። እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የምታውቁት ነገር ለማንም የማይጠቅም መስሏችሁ በየመሳቢያችሁ ያስቀመጣችሁ፣ አትጣሉት። የሚፈለግበት ቀን መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ሲመጣ ደግሞ ያስፈራል።

አንድ ቀን ልጨምርላችሁና ልጨርስ። ጋሽ ሐጎስን ወደ ሌላ ከተማ ሊያዛውሩት ሆነ። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ አውቶቡሱ ውስጥ ገባ፤ ሰው ሁሉ እያየው መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። በወንበሩ ላይ ሰው ሲቀመጥ የሚሰማውን ድምፅ ረስቼው ነበር።

"ጋሽ ሐጎስ፣ ያዩናል" አልኩት።

"ይዩን። እኔ እንደሆነ ነገ የለሁም። እስቲ ያንን ነገር አሳዪኝ፤ በምሳ ሰዓት ብቻሽን የምታይውን። በመስኮት አይሽ ነበር።"

ሉሆቹን ከቦርሳዬ አወጣሁ። በመሀላቸው ያለው መስታወት ላይ ከዚያ ጋን በዘንጉ ጫፍ ያስቀረሁት ሳሙና ተቀብቶ ነበር። ጋሽ ሐጎስ ተቀብሎ በአውቶቡሱ መስኮት ወደ ፀሐይ አነሳው። አንድ ዐይኑን ጨፍኖ አየ።

"ይሄ ነው ሊያስገድለኝ የነበረው?"

"ይሄው ነው።"

"ያምራል እኮ!" አለ። አዟዟረው። "አሁን ይሄ ረግቷል ወይስ ይፈሳል?"

"ሁለቱንም" አልኩት።

"እንዲያ በይኛ" አለና ሳቀ። ከዚያ ሳይጠይቀኝ ሉሆቹን ለኋላ ወንበር አቀበለ። እነሱም ወደ ፀሐይ አነሱ። ከወንበር ወንበር፣ ከእጅ እጅ ሄደ፤ "እዩ እዩ"፣ "የታለ፣ ለኔም"፣ "ሐምራዊው!" ሲባባሉ እሰማለሁ። ወደ ኋላ መዞር አልቻልኩም፤ ዐይኔ ሞልቶ ነበር።

መገናኛ ስንደርስ ጋሽ ሐጎስ ተነሣ። እጄን በሁለት እጁ ያዘና "በርቺ ልጄ" ብሎኝ ወረደ። በመስኮት እያየሁት ሰዉ ውስጥ ገባና ጠፋ። አውቶቡሱ ተነሣ። ወንበሩን አላየሁትም፤ ባዶ መሆኑን ማየት አልፈለግሁም።

ከኋላ ጋሽ ይማም ሉሆቹን በመሐረቡ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ሰጠኝ። ይመለሳል ብዬ ስጠብቅ፣ ወንበሩ ገና ሙቀቱ ሳይወጣለት ተቀመጠበት፤ እስከ ቦሌ ድረስም አልተነሣም።